አልሆን ያለ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አይደር፦ በኦንላይን የገዛነውን ጀርመን ውስጥ እንዴት እንመልሳለን?

መርካቶ ወይም ፒያሳ ልብስ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ያቺን ጽሑፍ ያስታውሳታል። ከባለሱቁ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» እኛ ያደግነው ከዚያች ጽሑፍ ፊት ቆመን ነው። ስለዚህ ጀርመን መጥተን በስልካችን ያዘዝነው ቀሚስ ወገቡ ሲጠበን፣ ቀለሙም ፎቶው ላይ ካየነው ሲለይብን፣ ዝም ብለን እንሰቅለዋለን። «ስከሳ እለብሰዋለሁ» እንላለን። ወይ ለእህት ልጅ እንሰጠዋለን።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጓደኛዬ ቤት ቁም ሣጥን ስናስተካክል ታጋቸው ያልተቆረጠ ሰባት ልብሶች አገኘን። አልጋው ላይ ዘርግተን ዋጋቸውን ደመርን። 312 ዩሮ።

«ለምን አልመለስሽውም?» አልኳት።

«ለብሼ ሞክሬውማ እንዴት እመልሰዋለሁ? ነውር አይደለም እንዴ?»

ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ይሉኝታ ለያዛችሁ ሁሉ ነው። ነውር አይደለም። ልብሱን ሳትነኩ፣ ሳትሞክሩ ስለምትገዙ ሕጉ ሆን ብሎ የሰጣችሁ መብት ነው። ሱቆቹም ይህን አውቀው ነው የሚሸጡት።

መብቱ የቱ ላይ ይሠራል?

ከነጋዴ በኦንላይን የገዛችሁት ልብስ እጃችሁ ከገባ በኋላ 14 ቀን አላችሁ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ። ጀርመኖች ይህን «ቪደሩፍ» ይሉታል። ቃሏን ያዟት፤ ኢሜይልም ሆነ ደብዳቤ ስትጽፉ የምትሠራው እሷ ናት። ሕጉ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። ስለዚህ ስዊድን፣ ጣሊያን ወይም ሆላንድ ያላችሁ ወገኖቼም 14ቱ ቀን የእናንተም ነው። 14 ደግሞ ዝቅተኛው ነው። 30 ቀን የሚሰጡ ሱቆች አሉ።

ቆጠራው የሚጀምረው ዕቃውን በተረከባችሁ ማግስት ነው እንጂ ከከፈላችሁበት ቀን አይደለም። በአንድ ትእዛዝ የገዛችኋቸው ልብሶች በተለያየ ቀን ከመጡ፣ የመጨረሻው ፓኬት ከመጣበት ቀን ይቆጠራል። ፓኬቱን ጎረቤት ተቀብሎላችሁ ከሆነ፣ ፖስተኛው ከተወው ካርድ ላይ ካለው ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። እንዲህ ካደረጋችሁ ክርክር አይነሣም። ሻጩ ስለዚህ መብት ጨርሶ ሳይነግራችሁ ከቀረ ደግሞ ጊዜው በ12 ወር ይራዘማል።

አሁን ደግሞ መብቱ የማይሠራባቸው። ከተማ ወርዳችሁ ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁትን ሱቁ ቢቀበላችሁ በፈቃዱ ነው፤ ሕግ አያስገድደውም። ቪንትድ ወይም ክላይንአንጻይገን ላይ ከግለሰብ የገዛችሁት ያገለገለ ልብስም ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። ሻጩ ነጋዴ ነው ወይስ ግለሰብ የሚለው ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል፤ ከመክፈላችሁ በፊት እዩት።

ሦስተኛው እኛን በቀጥታ ይነካል። በልካችሁ ያሰፋችሁት የሐበሻ ቀሚስ አይመለስም። ትከሻችሁን፣ ደረታችሁንና ቁመታችሁን ለክታችሁ የላካችሁለት ሰፊ ያንን ቀሚስ ለሌላ ሰው ሊሸጠው አይችልም። ስለዚህ ሕጉ እሱን ያግዛል። አውሮፓ ውስጥ ያለ ነጋዴ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ እያለ አሰፍቶ የሚሸጠው ቀሚስ ግን እንደማንኛውም ልብስ ይመለሳል። አዲስ አበባ ካለ ሰፊ በቴሌግራም ካዘዛችሁ ይህን ሕግ ይዞ መሟገት በተግባር አያዋጣም። ቢጠብ ማን ያስፋል? የመላኪያውን ማን ይከፍላል? ቀብዱን ሳትልኩ በፊት ይህን በጽሑፍ ተስማሙ። በድምፅ መልእክት የተባለ ነገር ኋላ ይረሳል።

ከማዘዛችሁ በፊት

ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከቁጥር ነው። የጀርመን 38 ፈረንሳይ 40፣ ጣሊያን 44 ነው። ሱቁ ጀርመንኛ ቢናገርም ልብሱ የጣሊያን ሊሆን ይችላል። የሱቁን የልክ ሰንጠረዥ ክፈቱና በሜትር ተለኩ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። ሜትር ከሌላችሁ የሚገጥማችሁን አሮጌ ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩት።

አገር ቤት ለሚላክ ልብስ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ሊሄድ ነው ሲባል በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻንጣ እንሞላለን። ለእማዬ ጫማ፣ ለወንድም ሱሪ፣ ለሕፃኑ ጃኬት። ልብሱ አዲስ አበባ ደርሶ «ትንሽ ጠበበኝ» የሚል ስልክ ሲመጣ 14ቱ ቀን አልፏል። ዕቃውም ከእኛ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቋል። ከዚያ መልሶ መላክ ከልብሱ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። እማዬን ባዶ እግሯን ነጭ ወረቀት ላይ እንድትቆም አደርጋለሁ። የእህቴ ልጅ እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጎ በእግሯ ዙሪያ ይነድፋል። ከዚያ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ ከላይ ፎቶ ያነሣልኛል። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ስለማየው ቁጥር አልገምትም። ለሱሪ ደግሞ ወንድሜ የሚወደውን ሱሪ ለክቶ ይልክልኛል። ልብሱም ተጓዡ ከሚሄድበት ቀን ቢያንስ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይታዘዛል። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ካዲስ አበባ «አልሆነኝም» የሚል ስልክ አልመጣልኝም።

ፓኬቱ ሲመጣ

በር ላይ አትቅደዱት። መቀስም ይዛችሁ ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ ከካርቶኑ ጋር የተቆረጠ ሹራብ አይቻለሁ። ስኮቹን ብቻ በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ አንሡ። ከመነካካቱ በፊት እንደታጠፈ አንድ ፎቶ፣ ከተዘረጋ በኋላ አንድ ፎቶ አንሡ። እድፍ ወይም የተተረተረ ስፌት ካለ በቅርብ አንሡት። ካርቶኑን፣ ላስቲኩንና ውስጡ ያለውን ወረቀት እስክትወስኑ ድረስ አትጣሉ።

ፓኬቱ ሳይከፈት ሐሳባችሁ ከተቀየረ፣ ፖስተኛውን «አልቀበልም» ብሎ መመለስ ብቻ ግዢውን አይሰርዝም። ለሻጩ መሰረዛችሁን መግለጽ አለባችሁ። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ስትሞክሩት

ሱቅ ውስጥ መሞከሪያ ክፍል ገብታችሁ የምታደርጉትን ሁሉ ቤት ውስጥ ማድረግ ትችላላችሁ። መልበስ፣ መቀመጥ፣ እጅ ማንሣት፣ መስታወት ፊት መዞር ይፈቀዳል። ለብሶ ሠርግ መሄድ አይፈቀድም። ከሙከራ ያለፈ ጉዳት ከደረሰ ሻጩ ከገንዘባችሁ ሊቀንስ ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ እኛ ቤት የሚገጥመው ችግር ከሌላው ይለያል። አንድ ግራጫ ካፖርት 89 ዩሮ ገዝቼ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ሞከርኩት። ቡና እየተቆላ ነበር። ዕጣንም ጤሷል። እጅጌው ስለረዘመብኝ አጥፌ መለስኩት። ከሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣልኝ። ልብሱ ሽታ አለው ብለው 20 ዩሮ ቀነሱብኝ። ተናደድኩ። ግን ሱፍ ጨርቅ የቡና ጢስ እንዴት እንደሚይዝ ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን።

ስለዚህ ልብስ የምትሞክሩት ሽንኩርት ከመቁላላቱ በፊት ነው። መኝታ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ። ሎሽን የተቀባ እጅ ይታጠብ፤ ፀጉር ላይ ቅቤ ወይም ቅባት ካለ በሻሽ ይሸፈን። በአንገት የሚገባ ቀሚስ ከሆነ ስስ ሻርፕ ፊታችሁ ላይ ጣል አድርጉና ከዚያ አጥልቁት። ሜካፑ ሻርፑ ላይ ይቀራል እንጂ ኮሌታው ላይ አያርፍም። ዲዮድራንት የተቀባ ብብት ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል። ጫማ ከሆነ ምንጣፍ ላይ ብቻ ተራመዱ። ሶሉ አንዴ ከተጫረ ማስተባበል አይቻልም።

ታጉን አትቁረጡ። ቢያሳክካችሁም ወደ ውጭ አውጡትና ሞክሩ።

ውሳኔውን ደግሞ በዚያው ቀን ስጡ። «ነገ አየዋለሁ» የተባለ ልብስ ወንበር ላይ ሁለት ሳምንት ያድራል።

ለሻጩ ማሳወቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልብሱን በዝምታ ካርቶን ውስጥ ከቶ መላክ በሕጉ በቂ አይደለም። «ግዢዬን ሰርዣለሁ» የሚል ግልጽ ቃል መኖር አለበት። ትልልቆቹ ሱቆች ነገሩን አቅልለውታል። አፑ ውስጥ ትእዛዛችሁን ከፍታችሁ የሚመለሰውን ልብስ ስትመርጡ ማሳወቂያው አብሮ ይሄዳል። «ለምን?» ብሎ ከጠየቃችሁ «ጠበበኝ» ማለት ትችላላችሁ። ግን ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለባችሁም።

አፕ የሌለው ትንሽ ሱቅ ከሆነ ኢሜይል ጻፉ። አምስት ነገር ይኑረው፦ የትእዛዙ ቁጥር፣ ያዘዛችሁበትና የተረከባችሁበት ቀን፣ የልብሱ ስም፣ ስማችሁና አድራሻችሁ፣ «ቪደሩፍ» የሚለው ቃል። ሻጩ የመሰረዣ ቅጽ ናሙና ሊሰጣችሁ ግዴታ ስላለበት፣ ጀርመንኛው ከከበዳችሁ የማረጋገጫ ኢሜይሉ ሥር ፈልጉት፤ ሞልታችሁ ትልካላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ከጁን 19 ቀን 2026 ጀምሮ በኦንላይን የሚሸጥ ነጋዴ ድረ ገጹ ላይ የመሰረዣ ቁልፍ ሊኖረው ይገባል።

በስልክ መሰረዝ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ከደወላችሁ በኋላ በእጃችሁ የሚቀር ማስረጃ የለም። ኢሜይሉ በ14ኛው ቀን ከእኩለ ሌሊት በፊት ከተላከ በቂ ነው። የተላከውን ስክሪንሾት አድርጉት።

ካሳወቃችሁ በኋላ ዕቃውን ለመላክ ሌላ 14 ቀን አላችሁ። እንደኔ ግን በነጋታው ላኩት።

ማሸግና ማስረከብ

በመጣበት ካርቶን መልሱት። የድሮውን አድራሻና ባርኮድ ቅደዱት ወይም በሌላ ወረቀት ሸፍኑት። ሁለት ባርኮድ ያለበት ፓኬት ተመልሶ ወደ እናንተው ሊመጣ ይችላል። ልብሱን እንደነበረው እጠፉት፤ እጅጌውን ወደ ኋላ፣ ታጉን ወደ ላይ። ካርቶኑ ሳይዘጋ ሁሉም ልብስ የሚታይበት አንድ ፎቶ አንሡ። ይቺ ፎቶ ምን እንደሠራችልኝ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የመመለሻ ተለጣፊው ወይ ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ ወይ በኢሜይል ይመጣል። ማተሚያ ከሌላችሁ አትጨነቁ። ሱቁ የኪውአር ኮድ አማራጭ ካለው፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ፖስት ቤት ትሄዳላችሁ፤ እዚያው ያትሙላችኋል። ፓኬቱን የሚቀበለው ዲኤችኤል ነው ወይስ ሄርመስ የሚለውን ተለጣፊው ላይ እዩ። የአንዱን ለሌላው ስትሰጡ አይቀበሏችሁም፤ ወረፋው ከንቱ ይቀራል።

የመመለሻውን ማን ይከፍላል? ሻጩ አስቀድሞ «ገዢው ይከፍላል» ብሎ ካስታወቀ እናንተ ናችሁ። ካላስታወቀ እሱ ነው። ነፃ የሚያደርጉ አሉ፤ ጥቂት ዩሮ የሚቆርጡም አሉ። ከውጭ አገር የሚልክ ርካሽ ሱቅ ከሆነ ይህን መስመር ከማዘዛችሁ በፊት አንብቡ። 9 ዩሮ የተገዛ ቲሸርት ለመመለስ 15 ዩሮ የሚያስወጣበት ጊዜ አለ።

ስታስረክቡ ደረሰኝ ሳትይዙ ከመስኮቱ አትራቁ። ያቺ ትንሽ ወረቀት ላይ የመከታተያው ቁጥር አለ። እዚያው ቆማችሁ ፎቶ አንሧት። ቀለሟ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ኪስ ውስጥ ከርማ ነጭ ትሆናለች። በአግባቡ የተላከ ፓኬት መንገድ ላይ ቢጠፋ ጀርመን ውስጥ ኪሳራው የሻጩ ነው። ግን መላካችሁን የምታሳዩት በዚያች ቁጥር ነው።

ገንዘቡ

ሻጩ መሰረዛችሁን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘባችሁን መመለስ አለበት። ልብሱ እስኪደርሰው ወይም መላካችሁን የሚያሳይ ደረሰኝ እስኪያይ ግን መጠበቅ ይችላል። በከፈላችሁበት መንገድ ይመልሳል፤ በካርድ ከሆነ በካርድ፣ በፔይፓል ከሆነ በፔይፓል። «ኩፖን እንስጥህ» ቢል ካልፈለጋችሁ አትቀበሉ። ሙሉውን ትእዛዝ ከመለሳችሁ መጀመሪያ ለመላኪያ የከፈላችሁትም ይመለሳል። ፈጥኖ እንዲመጣ ብላችሁ የጨመራችሁት ግን አይመለስም።

በኋላ እከፍላለሁ ብላችሁ ያዘዛችሁ፣ በተለይ በክላርና፣ እዚህ ተጠንቀቁ። ልብሱን መልሳችሁም ቢሆን ሬሽኑንጉ፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያው፣ መቁጠሩን አያቆምም። የክላርና አፕ ውስጥ ዕቃውን መመለሳችሁን የምትነግሩበት ቦታ አለ። ስትነግሩት የመክፈያው ቀን ይቆማል። ካልነገራችሁት ማኑንግ የሚባለው የክፍያ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል፤ ቀጥሎ ኢንካሶ፣ ዕዳ ሰብሳቢው።

ማኑንግ የመጣብኝ ጊዜ ነበር። ሁለት ሱሪና አንድ ሸሚዝ በአንድ ካርቶን መልሼ፣ መጋዘኑ ሁለት ብቻ ደረሰኝ አለ። የሸሚዙን 34 ዩሮ ክፈዪ የሚል ደብዳቤ መጣ። እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣ ሁለት ነገር ይደረጋል። ወይ ፈርተን እንከፍላለን፣ ወይ መሳቢያ ውስጥ ከተን እንረሳዋለን። ሁለቱም ልክ አይደለም። እኔ ሦስቱም ልብሶች የሚታዩባትን ፎቶና የደረሰኙን ፎቶ አያይዤ በአራት መስመር መልስ ጻፍኩ። በዘጠነኛው ቀን «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ።

ቢጫ ፖስታ ከፍርድ ቤት ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማንበሻይድ የሚባለው የፍርድ ቤት የክፍያ ማዘዣ ከሆነ መቃወሚያ የምታስገቡበት ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ቅጹ አብሮ ይመጣል። ፖስታው ላይ የተጻፈውን የተረከባችሁበትን ቀን አትጣሉ፤ በዚያኑ ቀን ጀርመንኛ ለሚያነብ ሰው አሳዩት።

ልብሱ ብልሽት ካለበት

14ቱ ቀን ቢያልፍም መብት አላችሁ። ዚፑ በሦስተኛው ወር ከተገነጠለ፣ ስፌቱ በአንድ እጥበት ከተፈታ ይህ ሌላ ሕግ ነው። ለሁለት ዓመት ሻጩ ተጠያቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ጉድለቱ ከእኔ አይደለም ብሎ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። እንዲጠግን ወይም በአዲስ እንዲቀይር ትጠይቃላችሁ፤ የመላኪያውንም እሱ ይችላል። ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁትም ቢሆን እዚህ ላይ መብቱ አንድ ነው። «አምራቹን ጠይቁ» ቢላችሁ አትሂዱ። የሸጠላችሁ እሱ ነው።

እምቢ ካሉ

በኢሜይል አንድ የመጨረሻ ቀን ስጧቸው። «እስከዚህ ቀን ገንዘቤን መልሱ» ብላችሁ ቀኑን በቁጥር ጻፉ። ካልመለሱ ፈርብራውኸርፀንትራለ የሚባለው የሸማቾች ማእከል በ16ቱም ክፍለ ግዛቶች አለ። ድረ ገጹ ላይ የደብዳቤ ናሙናዎች በነፃ ይገኛሉ። ቀጠሮ ይዞ ለመማከር ግን ብዙ ጊዜ ክፍያ አለው። ሻጩ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ከሆነ ኬል ከተማ ያለው የአውሮፓ ሸማቾች ማእከል በነፃ ያግዛል።

ስትሄዱ አራት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የትእዛዙን ማረጋገጫ፣ የመሰረዣ ኢሜይላችሁን፣ የደረሰኙን ፎቶ፣ የተከፈተውን ካርቶን ፎቶ። እኔ ስልኬ ላይ «የሚመለስ» የሚል ፎልደር አለኝ። ገንዘቡ ባንክ መግባቱን በዓይኔ ሳላይ ከዚያ ውስጥ አንድም ፎቶ አላጠፋም።